ሕፃናት በትርፍ ክፍል አይደጉ
በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ ለልጆችና ለቤተሰብ ታስቦ የሚሠራ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን በተመለከተ ከማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በቆቦ ከተማና በራያ ቆቦ ወረዳ ሕፃናትን የምናስተምር መምህራን፣ ልጆቻችንን በአደራ የምንሰጥ ወላጆች፣ እንዲሁም የልጆች ጤናና አስተዳደግ የሚመለከተን ባለሙያዎች በማኅበራችን ጥላ ሥር ተሰባስበን ስንመክር ቆይተን የሚከተለውን አቋም ወስደናል። በቆቦ ከተማ፣ ቀጥሎም በሮቢት፣ በጎብዬና በቆላው ቀበሌዎች ከመሠረቱ ጀምሮ ለትንንሽ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ታስቦ የተነደፈ፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ክፍያ የማይጠየቅበት መዋዕለ ሕፃናት ይሠራ። በጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶችን መልሶ የመገንባት ዕቅድም ይህን ሳያካትት አይዘጋ።

ይህን ስንል እስካሁን የተሠራውን ለማጣጣል አይደለም። በደርግ ዘመን ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት የከፈቷቸው መዋዕለ ሕፃናት ብዙዎቹ ከሥርዓቱ ጋር ከስመዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትን ጠቀሜታ ቢቀበልም ሥራው በተግባር የተተወው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ነበር። ባለሀብት የሚሄደው ከፋይ ወዳለበት ነው። አዲስ አበባና ትልልቆቹ ከተሞች በየሰፈሩ ኬጂ ሲከፈትላቸው የቆላው ገበሬ ልጅ ከፍየል ጥበቃ ተነሥቶ በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተው ልጆች ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገቡበት ዜሮ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ነገሩ ተለወጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 5 ገደማ የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በ2009 ዓ.ም. ከመቶ 40 በላይ ደርሷል። ብር የሌለው ቤተሰብ ልጁን ከፊደል ጋር ቀድሞ ማስተዋወቅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ እንዲቀርም አንፈልግም።

ነገር ግን ዜሮ ክፍል የተከፈተው ቤት ተሠርቶለት አልነበረም። ቤት ተፈልጎለት ነው። ዕቃ ቤት የነበረው፣ የትልልቆቹ ተማሪዎች ቁጥር ሲቀንስ ባዶ የቀረው፣ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ለስምንተኛ ክፍል አይሆንም የተባለው ክፍል ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች ተሰጠ። ለጊዜው ያስጠጋል ተብሎ የተያዘው መፍትሔ ዛሬም አለ፤ ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም። ማኅበራችን የሚቃወመው ይህን መላመድ ነው።

አንዱን ክፍል በቅርብ እንየው። አግዳሚ ወንበሩ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ የሕፃኑ እግር መሬት አይደርስም፤ ተንጠልጥሎ ይደነዝዛል። ጥቁር ሰሌዳው የተሰቀለው በትልቅ ሰው ቁመት ልክ በመሆኑ ልጁ ጠመኔ ይዞ «ሀ» ብሎ መጻፍ ቢፈልግ እጁ የሚደርሰው የሰሌዳው ታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የትልልቆቹ ነው። ጉድጓዱ ሰፊ፣ ውስጡ ጨለማ በመሆኑ ትንንሾቹ ይፈሩታል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይዘው ይውላሉ ወይም ከግድግዳው ጀርባ ይሄዳሉ። የውኃ ቧንቧ ባለበት ግቢ መክፈቻው ከሕፃን እጅ በላይ ነው። ቧንቧ በሌለበት ደግሞ መምህርቷ ከቤቷ በጀሪካን ይዛ ትመጣለች። የዕረፍት ደወል ሲደወል ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ኳሳቸውን ይዘው ሜዳውን ይሞሉታል፣ ሕፃናቱ ግን እንዳይረገጡ በረንዳው ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ጨዋታ የዕድሜያቸው ዋና ሥራ የሆነ ልጆች ሌላው ሲጫወት ቆመው ያያሉ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት አድርጎ ደንግጓል።

በዚያ ክፍል ውስጥ የምትሠራው መምህርት ግን እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ከማሽላ አገዳ ጋሪና መነጽር ትሠራለች፤ ከጭቃ ላምና ፍየል ታድቦለቡላለች፤ የጠርሙስ ክዳን ለቅማ መቁጠሪያ ታደርገዋለች። ቅልብልቦሹን፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ ገበጣውን ወደ ትምህርት ትለውጣለች። ብዙዎቹ እነዚህ መምህራን በኮንትራት የሚሠሩ፣ በየቦታው ከወላጆች መዋጮ በሚሰበሰብ ጥቂት ብር የሚኖሩ ናቸው። የሠሩትን መጫወቻ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ እንኳ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ሌላ ፈረቃ ስለሚይዘው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል፤ በማግሥቱ መልሰው ያመጡታል። ሀብታችን እነሱ ናቸውና ቤቱ ለእነሱም ይገባል።

ስለ ሙቀቱ ዝም ብለን አናልፍም፤ የቆላው ነገር ደጋ ላይ ሆኖ ለሚያቅድ ሰው አይታየውም። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምዕራብ በደጋው ገደል፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ በታጠረ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የራያን ፀሐይ ያየ ያውቀዋል። የተለመደው የትምህርት ቤት ፕላን ግን ለወልድያም ለቆቦም፣ ለላስታም ለጎሊና ዳርም አንድ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ የለሽ ጣሪያ፣ ጠባብ መስኮት፣ ራቁቱን የተመታ ቆርቆሮ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መንጫጫት ይጀምራል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ግንባራቸውን ዴስኩ ላይ ይደፋሉ። ትልቅ ሰው ሙቀቱን በትዕግሥት ሊችለው ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ሰውነት ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይዝላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ የመምህርቷን ድምፅ ይውጠዋል።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ንጽጽር ብናነሣ ተገቢ ይመስለናል። አገሪቱ ለቆላው ማሽላ ተመራማሪ መድባለች። በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥር ባለው የቆቦ ጣቢያ የዝናቡ ጠባይ፣ የአፈሩ ዓይነትና አቀንጭራ የተባለው አረም ሁሉ ሲጠና ኖሯል፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉ ዝርያዎችም ለገበሬው ተለቀዋል። የደጋ ዘር ለቆላ አይሆንም ብሎ ማንም ተከራክሮ ማስረዳት አላስፈለገውም። የደጋ ቤት ለቆላ ልጅ እንደማይሆንም እንዲሁ በቀላሉ ይታመን ዘንድ እንጠይቃለን።

መፍትሔው ያልተፈተነ አይደለም። እንደኛው ሞቃት በሆነችው በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር፣ የመንደሩ ተወላጅ የሆነው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ትምህርት ቤት ሠርቶ አስረክቧል። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የአካባቢው ሸክላ አፈር ጡብ ነው። ቆርቆሮውን ጣሪያው ላይ አልለጠፈውም፤ በቀጭን ብረት ከፍ አድርጎ ሰቅሎት በጣሪያውና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ እንዲመላለስ አደረገ። ሙቀቱ ክፍል ሳይገባ በላይ ያልፋል። ሥራውን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ሴቶቹ ወለሉን ደለደሉ፣ ልጆቹ ድንጋይ አቀበሉ። ያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ድንጋይ፣ ሸክላ አፈርና በወንፈል የሚወጣ ጉልበት እኛም ጋ አለ። የጎደለን ለዚህ ቦታ የሚሆነውን ንድፍ ቁጭ ብሎ የሚሠራልን ባለሙያና ያንን የሚፈቅድ ውሳኔ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ቦታ ያለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ በባለቤትነት እንዲይዘው በዚህ መግለጫ ጥያቄያችንን እናቀርባለን።

ስለ ጦርነቱ መናገር ለማናችንም አይቀልም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋና በአካባቢዋ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት መዝግቦታል። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽም ተኩሱ የተሰማው በዚሁ በቆቦ ዙሪያ ነው፤ ከተማዋ ዳግመኛ እጅ ለወጠች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት የትምህርት ቤቶችን በር ደጋግሞ ዘግቷል። በሚያዝያ 2016 ደግሞ ከአላማጣና ከአካባቢዋ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች መፈናቀላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ዕርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ ሲያስታውቅ፣ አብዛኞቹ የመጡት ወደ ቆቦ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ሕዝባችን ቤቱን ከፍቶ ተቀበለ። ቆጥረን እንየው። በ2013 ክረምት የተወለደ የቆቦ ልጅ አምስት ዓመቱን እስኪደፍን ሙሉ ሰላም ያለበት ዓመት አላየም ማለት ይቻላል። እናቱ አቅፋው ሸሽታለች። ከአባቱ ጋር ተለያይቶ ከርሟል። ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ፣ ከእናቱ ቀሚስ የማይላቀቅ፣ መናገር የዘገየ ልጅ በየክፍላችን አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ሰባ ሆኖ በታጨቀበት የሚያቃጥል ክፍል ውስጥ ፊደል በመጮህ አይጽናናም። ረጋ ያለ ጥግ፣ የሚያውቀው ሰው፣ በአሸዋና በውኃ የሚጫወትበት ጊዜ፣ እናቱ አጠገቡ የምትቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል።

አንዳንድ ወገኖች «በዚህ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ይሉናል። መልሱን አንዲት መንደር ትሰጠናለች። ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ሬጆ ኤሚሊያ በምትባል ከተማ አጠገብ ቪላ ቼላ የተባለች መንደር አለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 ጸደይ ሲያበቃ የመንደሩ ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪኖችና ፈረሶች ሸጡ። በገንዘቡ ምን እንሥራበት ብለው ሲመክሩ የመረጡት የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው። ጡቡን ከፈራረሱ ቤቶች ለቀሙ፣ አሸዋውን ከወንዝ አመጡ፤ ከሥራ በኋላና በእሑድ ሠሩት። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለው ወጣት መምህር ይህን ሰምቶ በብስክሌት ሊያየው ሄደ፤ ከዚያም ሳይለያቸው ቀረ። የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1963 የራሱን የመጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። ዛሬ የዓለም የሕፃናት መምህራን ልምድ ለመቅሰም የሚጎርፉት ወደዚያች ከተማ ነው። እነዚያ ሰዎች ጣሪያቸው ሳይከደን ለልጆቻቸው ያሰቡት ቅንጦት አምሯቸው አልነበረም። ከጦርነት ለመውጣት መጀመሪያ የሚሠራው ምን እንደሆነ ስለገባቸው ነው።

ቤቱ ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለቤተሰብም ይሁን የምንልበት ምክንያት በየቀኑ የምናየው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ መልካም ድንጋጌ ነው። የቆቦ እናቶች ግን አብዛኞቹ ቢሮ አይሠሩም። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው ይውላሉ፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች በቀን ሥራ ይሰማራሉ፤ ጠላ ይጠምቃሉ፣ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ሕፃኑ ወይ ጀርባቸው ላይ ታዝሎ ፀሐይ ይመታዋል፣ ወይ ለታላቅ እኅቱ ይሰጣል። ያቺ እኅት የስምንት ወይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እሷ ሕፃን አዝላ ስትውል ስሟ በመምህሩ መዝገብ ላይ ቀሪ እየተባለ ይሞላል። አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሲከፈት ሁለት ልጅ ይማራል የምንለው ለዚህ ነው። እናቲቱም የቀን ደመወዟን ሳትሳቀቅ ትሠራለች።

የምግቡ ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። መንግሥት መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. ቃል የገባው በጎረቤታችን በሰቆጣ ስም በተጠራው ስምምነት ነው። ያ ቃል የሚፈጸመው ልጁ በሚገኝበት ቦታ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ደክመዋል። ልጆቹና እናቶቹ በየቀኑ የሚሰበሰቡበት አንድ ቤት ቢኖር ግን ክትባቱም፣ የክብደትና የክንድ ዙሪያ ልኬቱም፣ የወባ ምርመራውም፣ ስለ ተጨማሪ ምግብ የሚሰጠው ምክርም እዚያው ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጓዳና አንዲት ንጹሕ ክፍል ናት። ጓዳው ውስጥ በቆላው እህል፣ በማሽላና በማሾ፣ ከመስኖው በሚመጣ አትክልት አንድ ትኩስ ምግብ ይዘጋጃል። ክፍሏ እናት ጡት የምታጠባባት፣ ባለሙያዋ ልጅ የምትመዝንባት ናት። አባቶችም ይምጡ። በራያ ልጅ ማሳደግ የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እንዲለወጥ ከፈለግን አባት ሳያፍር የሚቀመጥበት ጥላ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ቤቱ ምን ይምሰል? ግቢው የሚመረጠው ከተራራው ከሚወርደው ጎርፍ መንገድ ውጭ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሆርማትና ጎሊና ሲሞሉ ምን እንደሚያደርጉ የቦታው ገበሬ ከመሐንዲሱ በላይ ያውቃልና ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ካስማ እንዳይተከል። ክፍሎቹ በመሬት ላይ ያሉ፣ አንድ ፎቅ እንኳ የሌላቸው፣ በዊልቸር የሚመጣ ልጅ ያለ ደረጃ የሚገባባቸው ይሁኑ። መስኮቱ ሕፃን ቆሞ ውጭውን የሚያይበት ቁመት ላይ ይውረድ። ሰፊ በረንዳ ይዙረው፤ በቆላ የክፍሉ ግማሽ በረንዳው ነው። መጸዳጃው ትንሽና ብርሃን ያለው፣ ከክፍሉ በር የሚታይ፣ የእጅ መታጠቢያው ለሦስት ዓመት ልጅ የሚደርስ ይሁን። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያው የሚሰበስብ ማጠራቀሚያ ታንከር ይኑረው። በግቢው ያለች ቁርቁራና ግራር አትቆረጥ፤ በሌለበት ኒም ይተከል። ዥዋዥዌ ከውጭ እስኪመጣ አንጠብቅ፤ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ውኃ፣ ገመድ፣ እንጨትና የተደለደለ ሜዳ ለጊዜው ይበቃል። የዕቃ ዕቃ ጥግ፣ የገበጣ ድንጋይ፣ የሰኞ ማክሰኞ መስመር በንድፉ ውስጥ ቦታቸው ተለይቶ ይገባ። በአንድ ክፍል ከ30 ልጆች አይብለጡ፤ ከመምህርቷ ጋር አንዲት ረዳት ትኑር።

በግቢው ውስጥ የሚነገረው ቋንቋም ያሳስበናል። ቆቦ አማርኛም ትግርኛም የሚሰማባት፣ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ጋር የምትገበያይ ከተማ ናት። ተፈናቅለው የመጡት ልጆችም ከእኛ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ማንኛውም ሕፃን በእናቱ ቋንቋ ስላለቀሰ እንዳይሸማቀቅ መምህራኑ ቢያንስ የማጽናኛ ቃል በልጁ ቋንቋ ይወቁ። ትልልቆች ያልተስማማንበት ጉዳይ ወደ ሕፃናት ግቢ አይግባ።

የቄስ ትምህርት ቤቶችና ቁርአን ቤቶች ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የሕፃናት አስተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ፊደል የቆጠርነው፣ ሉህ ይዘን የቀራነው እዚያ ነው። አዲሱ ቤት እነሱን የሚተካ አይደለም። የትምህርት ሰዓቱ ከየኔታና ከሸኻችን ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመክሮ ይወሰን።

አሁን ውሳኔ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ደግፈነዋል። ነገር ግን አንድ ዓመቱን በትርፍ ክፍል ያስተናገደ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ዓመት የት ያስቀምጠዋል? አዲስ አበባ በቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራሟ የሕፃናት ማቆያዎችንና የመጫወቻ ቦታዎችን እያስፋፋች፣ ወላጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ እያማከረች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጨዋታ ማስተማርን እያስገባች ነው። ደስ ብሎን እናየዋለን። የዋና ከተማ ልጅ የሚገባውን ሲያገኝ የቆቦ ልጅ አይቀናም፤ እኛ ግን የእሱም ተራ መቼ እንደሚደርስ መጠየቅ ግዴታችን ነው።

«መጀመሪያ የፈረሰው አንደኛ ደረጃ ይጠገን» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ይጠገን፤ ግንበኛው ግቢው ውስጥ እያለ፣ አሸዋው ተራግፎ እያለ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ አብሮ ይሠራ። በኋላ ለብቻው የሚመጣ በጀት እንደሌለ ከልምድ እናውቃለን። «ጸጥታው አያመችም» ለሚሉንም ልጆቹ ጸጥታው እስኪሰፍን ማደጋቸውን አያቆሙም እንላለን። ቦታ ማስከለል፣ ንድፍ መሥራት፣ መምህር ማሠልጠን ዛሬ የሚቻል ነው። የግል ኬጂዎችን በተመለከተ ጠብ የለንም፤ መክፈል የሚችል ይክፈል። የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን ከነሱ በር ይመለሳል፣ የእኛ መግለጫም የሚናገረው ስለ እሱ ነው።

ስለዚህ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮና የሰሜን ወሎ ዞን አስተዳደር በመልሶ ግንባታ ዕቅዳቸው ውስጥ ለቆቦ የመጀመሪያውን የልጆችና የቤተሰብ መዋዕለ ሕፃናት በስም ጠቅሰው እንዲያስገቡ፣ የከተማው አስተዳደርም ከጎርፍ የራቀና ለእናቶች መንገድ ቅርብ የሆነ ቦታ እንዲያስከልል እንጠይቃለን። ትምህርት ሚኒስቴር ለቆላ አካባቢዎች የሚሆን የተለየ ንድፍ እንዲያጸድቅ፣ የወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ከዚሁ ወረዳ ለሚመለመሉ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና እንዲመድብ እናሳስባለን። የመምህራኑ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይከፈል። ይህ ጉዳይ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም፤ በመዋጮ የምትኖር መምህርት ዓመቱ ሳያልቅ ትሄዳለች፣ ልጁም የለመደውን ሰው ያጣል።

ከሌላው ብቻ ጠብቀን አልተቀመጥንም። የማኅበራችን አባላት ድንጋይ በማቅረብ፣ በጅጌ ቁፋሮ በመውጣት፣ ዛፍ በመትከል፣ ለልጆቹ ቁመት የሚሆኑ ወንበሮችን ከአካባቢው አናጢዎች ጋር በመሥራት የድርሻችንን ለመወጣት ተስማምተናል። መጫወቻዎቹን መምህራኑ ይሠራሉ፤ ከእንግዲህ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው አይመላለሱም።

በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ የራያ ተወላጆች፣ እድሮች፣ አበጋሮች፣ የደብር አስተዳዳሪዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ በመልሶ ግንባታ የተሰማራችሁ ድርጅቶች፦ ቆቦ ውስጥ ለምን ብር እንደምታወጡ በምትወስኑበት ስብሰባ ላይ ይህን መግለጫ አንብቡት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናቱ ከሌለ አስገቡት። ወላጆችም በየቀበሌያችሁ ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ «የሕፃናቱ ቤት የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙም ደጋግማችሁ ጠይቁ።